ቀዳዳው የተደፈነ ካሴት

ካሴቱ የተገኘው አባቴ ካረፈ በኋላ፣ የጠመኔ ካርቶኑ ውስጥ ነው። አባቴ አስተማሪ ነበርና ወረቀቱን ሁሉ በባዶ የጠመኔ ካርቶን ነበር የሚያስቀምጠው። ከዝውውር ደብዳቤዎቹ ሥር አንድ ግራጫ ካሴት ወጣ። ጫፉ ላይ ያለው ቀዳዳ በታኘከ ወረቀት ተደፍኗል፤ ወረቀቱም ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ያኘክሁት እኔ ነኝ። የደብተሩ ወረቀት ጣዕም ከነቀለሙ ምሬት አፌ ላይ መጣ። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ልጅ እያለሁ አሶሳ ነበርን። ክልሉ ገና መቋቋሙ ነው፤ የቢሮዎቹ ታፔላ ቀለሙ እጅ ላይ ይቀር ነበር። አባቴ ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ ሲመጣ እኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የመጀመሪያው ወር ሳለቅስ ነው ያለቀው። ሙቀቱ፣ መሬት ላይ ወድቆ የሚፈላው የማንጎ ሽታ፣ በማላውቀው ቋንቋ የሚስቁት ልጆች፣ ሁሉም ጠላቴ ነበር። ያዳነኝ ሐሚድ ነው። የትምህርት ቤታችን ደወል ዛፍ ላይ የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ ነበር፤ ደዋዩ ደግሞ እሱ። ሐሚድ ሲደውል ዝም ብሎ አይደውልም፤ ያስጨፍረዋል። ዳይሬክተሩ ሁለት ጊዜ ገርፎት ሦስተኛው ላይ ተስፋ ቆረጠ።

ሐሚድ የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ነው። አባቱ ሥራ ፍለጋ ሱዳን ወርዶ ነበርና ቤታቸው እናቱ እትዬ ዘይነባ፣ እሱና አያቱ ብቻ ነበሩ። አያቱ የዙምባራ መሪ ናቸው። ዙምባራ ማለት ከቅል የተገጣጠመ፣ ከሰው ቁመት የማይተናነስ ጥሩምባ ነው። እንደ ዋሽንት አንድ ሰው ብቻውን ዜማ አያወጣበትም። አሥራ ሁለት ሰው አሥራ ሁለት ጥሩምባ ይይዛል፤ እያንዳንዱ አንድ ድምፅ ብቻ አለው፤ ተራው ሲደርስ እሷኑ ነፍቶ ዝም ይላል። ከአሥራ ሁለቱ አንዱ የሐሚድ አባት ነበር፤ ሱዳን ከሄደ ወዲህ ጥሩምባው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሌላ ሰው እንዲነፋው አያቱ አልፈቀዱም። የእሱ ተራ ሲደርስ ሁሉም ዝም ይላሉ፣ ከዚያ ይቀጥላሉ። መጀመሪያ ስሰማ የተሳሳቱ መስሎኝ ሳቅሁ፤ ሐሚድ በክርኑ ጎሸመኝ።

ብረቱ ሙዚቃ የመጣው በፈረንጅ ነው። እትዬ ዘይነባ ልብስ የምታጥብለት አንድ የውኃ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር፤ ፀጉሩ ትከሻው ላይ የተኛ፣ እጁ ሁልጊዜ ግሪስ። አንድ ቀን ለሐሚድ ካሴት ሰጠው። ሽፋኑ ፎቶ ኮፒ ሆኖ ጽሑፉ የእጅ ነው። ሾፌሩ እያስተረጎመ፣ የታናሽ ወንድሙ ቡድን እንደሆነ፣ ጋራዥ ውስጥ እንደቀዱት፣ ሱቅ ውስጥ እንደማይሸጥና ከእጅ ወደ እጅ ብቻ እንደሚሄድ ነገረን። ስሙም ሄቪ ሜታል ይባላል፣ ከባድ ብረት ማለት ነው አለን። የሐሚድ አባት በላከው ቴፕ ከፈትነው። ወይ ጉድ! ፋብሪካ ሲፈርስ ነው የሚመስለው። ሰውየው ይጮኻል፣ ጊታሩ ያጓራል፣ ከበሮው የሚያባርረው ያለ ይመስል ይሮጣል። እኔ ጆሮዬን ያዝሁ። ሐሚድ ግን ዓይኑን ጨፍኖ አንገቱን ይነቀንቃል።

ሲያልቅ፣ “ጥሩ ነው፤ ግን ሰው አንሶታል” አለ። “አራት ሰው ብቻ ነው። የኛን አሥራ ሁለት ጥሩምባ ብንጨምርበት አስበው እስቲ! ወደፊት ይሄ ሙዚቃ እዚህ ነው የሚመጣው፤ ታያለህ።”

ሳቅሁበት። ሆኖም በሳምንቱ እኔው ራሴ ከእሱ ብሼ ቁጭ አልኩ። እህል የማይገባበት አሮጌ የቆርቆሮ መጋዘን ነበር፤ እዚያ እየገባን ቸርኬ እንደበድባለን፣ እኔ እጮኻለሁ፣ ሐሚድ ቆፋሪዎቹ የጣሉትን የብረት ቱቦ ይነፋል። ዙምባራውን መንካት ክልክል ነው፤ ክረምት ነበርና፣ አዝመራ እስኪሰበሰብ አይነፋም። የቴፑ ባትሪ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፣ ጎኑን በጥርሳችን እንነክሰዋለን፣ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። ፈረንጁ አንድ ቀን መጥቶ አየንና ሳቁ አልቆም አለው። በሾፌሩ በኩል፣ “ካሴት ቅዱልኝ፣ ሐሙስ ስሄድ ለወንድሜ ይዤለት እሄዳለሁ” አለን። ከዚያ ወዲያ ሐሚድ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ከአሶሳ የወጣ ብረት ፈረንጅ አገር ሊሰማ ነው!

ባዶ ካሴት ግን የለም፤ በወንድሙ ዘፈን ላይ ቀድተን ደግሞ ለራሱ ለወንድሙ አንልክለትም። ዝናቡ መንገዱን ቆርጦ ሱቆቹ ባዶ ናቸው። ማክሰኞ ደረሰ።

የእነሐሚድ ቤት ደብዳቤ የሚላላከው በካሴት ነበር። አባትየው ሱዳን ሆኖ ይናገርበታል፣ ነጋዴዎች ያመጡታል፣ ጎረቤት ሳይቀር ተሰብስቦ ይሰማዋል። ከዚያ እትዬ ዘይነባ እዚያው ላይ መልሱን ትቀዳበትና ትልከዋለች። አንድ ካሴት ስንት ጊዜ ነው የተመላለሰው! ስለዚህ የተሰማ ካሴት ነፃ ካሴት ነው፤ ይህን የቤቱ ሰው ሁሉ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ሐሚድ ቸርኬ ሊያመጣ ሲሄድ እኔ እቤታቸው ገባሁ። መደርደሪያው ላይ አንድ ካሴት ብቻ ነበር። ጫፉ ላይ ያለችው ፕላስቲክ ተሰብራለች፤ እንዳይቀዳበት የተሰበረች መሆኗን አላጣሁትም። እትዬ ዘይነባ ስንት ካሴት ሲመላለስ አንዱንም ሰብራ አታውቅም። አውቄ ነው፣ ምን ልሸፋፍን! የደብተሬን ጥግ ቀድጄ አኘክሁና ቀዳዳውን ደፈንሁት፤ ከተደፈነ እንደገና ይቀዳበታል።

“የትኛው ነው?” አለኝ ሐሚድ ሲመጣ።

“የተሰማው ነው” አልኩት። ቀዩን የመቅጃ ቁልፍ የተጫነው እሱ ነው።

ያን ቀን ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ነበር፤ ከእኛ ጩኸት የሱ ይበልጣል። ሐሚድ በቱቦው እየነፋ አንድ ቦታ ሲደርስ ዝም ይላል፣ ከዚያ ይቀጥላል፤ የአባቱን ተራ መዝለሉ ነበር። ተደስተን ሳንጨርስ ድንጋዩ አለቀና ቴፑ ቀጥ አለ። ለመስማት እንኳ አልቻልንም። ረቡዕ ጠዋት ካሴቱን ይዘን ብንሄድ ግቢው ባዶ ነው። ዝናቡ ሳይብስ ተብሎ የአውሮፕላኑ ቀን ቀድሞ፣ ፈረንጁ ማክሰኞ በጠዋቱ ሄዷል። ሐሚድ በሩ ላይ ብዙ ቆመ።

ማታውን እትዬ ዘይነባ መደርደሪያዋ ባዶ መሆኑን ስታይ፣ ሐሚድ እንደቀዳበት ነገራት። ያ ካሴት አባትየው ድምፁን ለልጁ ያወረሰበት ነበር። ተራው የት ላይ እንደሚገባ፣ ትንፋሹ እንዴት እንደሚያዝ እያስረዳ ራሱ ነፍቶ ቀድቶበታል። ለአዝመራው ዙምባራ ሐሚድ በአባቱ ቦታ ሊቆም ነበር፤ አያቱ ያን ቀን ሊያሰሙት አስቀምጠውት ለእሱ አልነገሩትም። እትዬ ዘይነባ አልጮኸችም። “አታሳዩኝ” ብቻ አለች፣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና። ሐሚድ ተመታ፤ ማን እንዳነሳው ተጠየቀ፤ አፉን አልከፈተም። እኔ በር ላይ ቆሜያለሁ። እኔም አፌን አልከፈትሁም።

“ይሁን፣ ሌላ ይልካል” ብለው አያቱ አረጋጉት። መልእክትም ተላከ። ነጋዴው ሲመለስ ካሴት ሳይሆን መርዶ ይዞ መጣ፤ በወባ ነው አሉ። ዙምባራው በዚያ ዓመት ሲነፋ ሐሚድ ከተመልካቹ ጋር ቆሞ ነበር። አያቱ ሊያስተምሩት ይችሉ ነበር፤ ግን ድምፁን የሚሰጥ ባለድምፁ ራሱ ነው ብለው እምቢ አሉ። ከዓመት በኋላ አባቴ ተዛወረና ካሴቱን ፍራሼ ሥር እንደደበቅሁት ይዤው ወጣሁ። ሐሚድን ደህና ሁን እንኳ በወጉ አላልኩትም። ቤት ስንቀያይር ካሴቱ የጠፋ መሰለኝ፤ እውነቱን ለመናገር በመጥፋቱ ቀለለኝ።

ለካ አባቴ አንስቶ ከወረቀቶቹ ጋር አኑሮት ኖሯል፤ አሁን እጄ ላይ ነው። የሚሠራ ቴፕ ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ከፈትሁት። ዝናቡ፣ ቸርኬው፣ የእኔ የማይረባ ጩኸት፣ የሐሚድ ቱቦ። ከዚያ ቀጭ አለና የሰው ድምፅ መጣ። በበርታ ነው የሚናገረው። እየተረጋጋ ጥቂት ተናገረና ወደ አማርኛ ዞረ፦ “አንተ የአስተማሪ ልጅ፣ አንተም እዛ አለህ፣ አውቃለሁ። ለሐሚድ ወንድም ሁን፣ እሺ? ሰላም ብያለሁ።” ክሩ አለቀ። አይቶኝ አያውቅም እኮ!

ባለፈው ወር አሶሳ ሄድሁ። ባጃጁ ሞልቷል፣ ያ መጋዘን ፈርሶ ፎቅ ቆሞበታል። ሐሚድን መፈለግ አላስቸገረኝም፤ ብረት በያጅ ሆኗል። ሸብቷል። አቅፎ ሳመኝ፤ ምነው ባላቀፈኝ ኖሮ። ከወርክሾፑ ጀርባ ልጁ ከጓደኞቹ ጋር ጊታር ይዞ ያጓራል። ሐሚድ ያኔ ያለውን ነው የሚሠሩት፣ ብረቱን ከዙምባራ ጋር። ከእጅ ወደ እጅ መዞር ቀርቷል፤ በስልክ ለዓለም ይለቁታል። ጥሩምባዎቹ እየተቀባበሉ መጡና አንድ ቦታ ላይ ድርግም አሉ። ጊታሩም ከበሮውም አብሮ ድርግም አለ። ከዚያ ቀጠሉ። ልጁን ለምን እዚያ ላይ እንደሚያቆሙ ጠየቅሁት።

“ዜማው እንዲህ ነው” አለኝ። “ከጥንት ጀምሮ።”

ወደ ሐሚድ ዞርኩ፤ አቀርቅሮ ብረቱን ይሞርዳል። ካሴቱን ያነሳሁት እኔ መሆኔን፣ ቀዳዳውንም አውቄ የደፈንሁት እኔ መሆኔን ነገርኩት። “አውቃለሁ” አለ፣ ቀና ሳይል። “የደብተርህን ወረቀት አይቻለሁ።” ድምፁን ወደ ስልኬ ገልብጬው ነበርና ከፈትሁለት። ሞረዱን አስቀመጠ። አባቱ በበርታ ሲናገር ከንፈሩ አብሮ ተንቀሳቀሰ፤ ምን እያለ ነው አልኩት። ዝናብ እንዴት ነው፣ ከብቶቹ እንዴት ናቸው፣ ሁሉን ሰላም በሉ ነው አለኝ። አማርኛው መጣ። እስኪያልቅ ሰማው።

“ጥሩምባውስ?” አለኝ።

“የለም” አልኩት። “መጀመሪያው ላይ ነበር። እኛ ነን ያጠፋነው።”

ስልኩን መለሰልኝ። እጁን በጨርቅ ጠረገ። “ለእኔ የነገረው ሁሉ ጠፋ” አለ። “ለአንተ የነገረው ብቻ ቀረ።”

በቁጣ አልነበረም የተናገረው። ምነው በተቆጣኝ። ከጀርባ ልጆቹ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ እኛም ያቺ ዝም የሚሉባት ቦታ እስክትደርስ አብረን ቆመን ጠበቅን።