ግራጫው ቁልፍ

በሞያሌ በኬንያው በኩል፣ አውቶቡሶች ከሚቆሙበት ስቴጅ ፊት ለፊት፣ አራት ኮምፒውተር ያላት ሳይበር ካፌ ውስጥ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ ለሰው ፎርም መሙላት፣ ፎቶ ኮፒ ማድረግና ፓስወርዱ የጠፋበትን ማጽናናት ነበር። ደንበኛ ሲጠፋ ደግሞ ድረ ገጽ መሥራት እማር ነበር። አስተማሪ አልነበረኝም። ኔትወርክ ሲኖር ትምህርቱን አወርዳለሁ፣ ሲጠፋ አነበዋለሁ። እኛ ከተማ የሚጠፋበት ቀን ስለሚበዛ ብዙ አነበብኩ።

ከሁሉ ልቤን የወሰደው ብራውዘር ውስጥ ያለው የመመርመሪያ ሰሌዳ ነው። የፈለግከውን ገጽ ከፍተህ በማውሱ ቀኝ በኩል ጫን አድርገህ «ኢንስፔክት» ስትለው፣ ልብስ ገልብጠህ ስፌቱን እንደምታይ ሁሉ የገጹ ውስጥ ይታይሃል። ገጽ ላይ የምትጫን አንዲት ቁልፍ ስንት ጠባይ እንዳላት ያወቅሁት ያኔ ነው። ዝም ስትባል አንድ ቀለም ናት። ማውሱ ሲያንዣብብባት ሌላ፣ ሲጫኗት ጠቆር ያለች፣ እንዳትነካ ስትከለከል ግራጫ። ማውሱን ስታነሳ ቀለሙ ስለሚጠፋ አጥንቶ ለማየት ያስቸግራል። ሰሌዳው ላይ ግን አንዲት ትንሽ ሳጥን ውስጥ ምልክት ካደረግህ፣ እጅህ ሳይደርስባት ማውስ ያንዣበበባት ያህል ቀጥ ብላ ትቆምልሃለች። እኔ ለዚህ ነገር ምሳዬን እረሳ ነበር።

ጉራም ነበረብኝ። የጎረቤታችንን ባለሱቅ ስም በአንድ የዜና ገጽ ላይ ጽፌ ሚኒስትር አድርጌ ሾምኩትና ቤቱን ሙሉ አሳቅሁ። ገጹ ሲታደስ ሹመቱ ተሻረ። እዚያ ሰሌዳ ላይ የምትለውጠው ነገር የሚለወጠው አንተ ስክሪን ላይ ብቻ እንደሆነ ከማንም በላይ አውቅ ነበር ማለት ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ አላወቅሁም ብዬ እንዳልዋሽ ነው።

ታናሽ እህቴ ያን ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ጨርሳ ነርስነት ለመማር የምታመለክትበት፣ ማርሳቢት ከተማ ቢሮ ያለው ድርጅት ወጪውን የሚሸፍንበት ዕድል አገኘች። ማመልከቻው በኢንተርኔት ብቻ የሚሞላ ነበር፣ አርብ ይዘጋል። ውጤቷ ደህና ነበር። ፎርሙ ግን የመታወቂያ ቁጥር ይጠይቃል፣ እሷ ደግሞ ኪታምቡሊሾዋ፣ የኬንያ መታወቂያዋ ማለት ነው፣ አልወጣላትም። ድንበር ላይ ያለ ሰው መታወቂያ ሲያወጣ ሽማግሌዎችና ቺፉ፣ የአካባቢው ሹም፣ ፊት ቀርቦ የማን ልጅ እንደሆነ፣ አያቱ ከየት እንደመጣ ይጠየቃል። አባታችን ከኢትዮጵያ ደጋ ለንግድ ወርዶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። እኛ እዚሁ ብንወለድም ጥያቄው ለእኛ ረዘም ይላል። እህቴ ሁለት ጊዜ ቀርባ መልሳ፣ በእጇ የያዘችው ተራዋን እንድትጠብቅ የተሰጣትን ወረቀት ብቻ ነበር፤ እኛ ዌይቲንግ ካርድ የምንለውን።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሳይበር መጣች። ዩኒፎርሟን ያለ ምክንያት ለብሳ ነበር፣ ለፎርም መልበስ ያስፈልጋል ብላ ይመስለኛል። ለምን ነርስ መሆን እንደፈለገች የሚጠይቀውን ድርሰት ጨምሮ ሁሉን ሞላን። የመታወቂያው ቦታ ላይ የዌይቲንግ ካርዱን ቁጥር አስገባሁ። ርዝመቱ አልገጠመም፣ «ላክ» የሚለው ቁልፍ ግራጫ እንደሆነ ቀረ።

«ጋሼ፣ ካልሆነ ነገ በጠዋቱ ባስ ማርሳቢት ወርጄ ቢሯቸው ልጠይቃቸው?» አለችኝ።

«እኔ እያለሁ? ለምን ትንገላቻለሽ!» አልኳት።

ማውሱን ቁልፉ ላይ ሳደርገው ከበላዩ ጥቁር ሳጥን ብቅ አለ። ጫፎቹ ክብ ክብ ያሉ፣ ሥሩ ስስ ጥላ ያለው፣ የሚያምር ሳጥን። ነጭ ጽሑፍ ነበረበት። እኔ ጥላውን አየሁ። እንዴት እንደሠሩት ለማወቅ ገጹን እንዳለ ኮምፒውተሩ ላይ አስቀመጥኩት፣ ኔትወርክ ሲጠፋ እንድማርበት። ጽሑፉን አላነበብኩትም። ከዚያ ሰሌዳውን ከፍቼ ቁልፉ እንዳይነካ የሚከለክለውን ቃል ፈልጌ አጠፋሁት። ግራጫው ወደ ሰማያዊ ተለወጠ፣ ሳጥኑም ከነጽሑፉ ጠፋ።

እህቴ «ውይ!» አለች። ያቺን «ውይ» ለመስማት ስል ነው ሁሉን ያደረግኩት፣ አሁን ሳስበው።

ማውሱን ሰጠኋትና ራሷ ተጫነችው። ቁልፉ ጠቆር አለ፣ ገጹ ብልጭ ብሎ ባዶ ፎርም መለሰ።

«ሄደ?»

«ሄደልሽ። ሃኩና ሺዳ፣ ችግር የለም። መልሱ በስልክሽ ይመጣል።»

ደረሰን የሚል ቃል አለመምጣቱን አይቻለሁ። ኔትወርኩ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባላል። እኔን ማንም አወቅህ ያለኝ አልነበረም፣ ራሴን በራሴ ብዬ ነው ያጠብኩት።

አርብ ጠዋት ባሱ ተሳፋሪ አልሞላለት ብሎ ረዳቱ «ማርሳቢት! ማርሳቢት!» እያለ ሲጮህ ከበራችን ሆኜ ሰምቼዋለሁ።

ሁለት ወር ጠበቀች። ስልኳን በሄደችበት ይዛ ትዞር ነበር፣ ቡቲዬ ሰፈር አክስታችን ቤት ስትሄድ ኔትወርክ የሚይዝበትን ቦታ ፈልጋ ትቀመጣለች። ስም ዝርዝሩ ሲወጣ አብረን ከላይ እስከ ታች አየነው፣ ደግመንም አየነው። ከእሷ ያነሰ ውጤት የነበራት የክፍሏ ልጅ አለችበት። እህቴ አላለቀሰችም። «የምትጽፈው ከእኔ ይሻላል፣ ድርሰቱ ላይ በልጣኝ ይሆናል» አለች። ከዚያ በኋላ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ተቀጠረች።

እኔ ያኔም ማመልከቻው እንዳልደረሰ ጠርጥሬ ነበር፣ ግን ጥርጣሬን ገፍቶ ማደር ይቻላል። ያልቻልኩት የዚያን ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። አንድ ሆቴል ገጽ እንድሠራለት አዘዘኝና ያ ጥላ ያለው ሳጥን ትዝ አለኝ። ኔትወርክ አልነበረም። ያስቀመጥኩትን ገጽ ከፈትኩ፣ ሰሌዳውን አወጣሁ፣ ቁልፉ ማውስ ያንዣበበበት ያህል እንዲቆም ምልክት አደረግኩ። ሳጥኑ ወጣና አልጠፋም። የጥላውን ልክ ልገለብጥ ስል ዓይኔ ጽሑፉ ላይ አረፈ።

የመታወቂያ ቁጥር ገና ያልደረሳችሁ አመልካቾች፣ ዌይቲንግ ካርዳችሁን ይዛችሁ እስከ አርብ ማርሳቢት ቢሯችን በአካል ቅረቡ ይላል።

ሦስቴ አነበብኩት። ደንበኛ ፕሪንት ሲለኝ ወረቀት ማስገባት አቃተኝና ሳይበሩን በቀን ዘጋሁት። የሚያስጠላኝ አለማወቄ አይደለም። አይቼዋለሁ፣ ከፊቴ ቆሞ ነበር፣ እኔ ግን ቀለሙን ነው ያየሁት።

ልነግራት ወደ ሱቁ ሄድኩ። ለአንዲት ሴት ጨርቅ እየለካች ነበር። ቆሜ አየኋትና ተመለስኩ። ነገ እላለሁ፣ ነገ ሲመጣ ሌላ ነገ እላለሁ። ኪታምቡሊሾዋ ሲደርሳት እንኳ ለሚቀጥለው ዙር እንድታመለክት ብለምናት፣ «ተወው ጋሼ፣ ለእኔ ዓይነት ሰው አይደለም» ብላ መታወቂያውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

አንድ እሑድ ምሳ ላይ እናታችን በእኔ ተነሳችብኝ። ቀኑን ሙሉ ከኮምፒውተር ጋር ተፋጥጠህ እየዋልክ ለገዛ እህትህ ምን ረባሃት፣ የሰው ልጅ ሁሉ በአንተ እጅ ሲያልፍለት አለችኝ። ቃሉ አፌ ድረስ መጣ። በዚህ ሰዓት ካልተናገርኩ መቼም እንደማልናገር አውቅ ነበር።

እህቴ ቀደመችኝ። «ተይው እማዬ፣ በእሱ አትፍረጂ» አለቻት። «እሱ እኮ የተዘጋውን ሁሉ ከፍቶልኝ ነበር። ጭንቅላቴ ነው ያልበቃው።»

ከሳህኑም የተሻለውን ቁራጭ ወደ እኔ ገፋ አደረገችልኝ። እኔም በላሁት።