ለቀርከሃው ቻርጀር የተጠራ ዋስ

ሞባይል ስልክ ሰቆጣ በገባ ሰሞን ታላቅ ወንድሜ ከቀርከሃ ቻርጀር ይሠራ ነበር። የባትሪ ድንጋዮችን በቀርከሃው ውስጥ ይደረድርና ከአሮጌ ቻርጀር የቆረጠውን ሽቦ ከነጫፉ ይቀጥልበታል። መብራት ያልደረሰላቸው በሰቆጣ ዙሪያ ያሉ የፃግብጂና የዝቋላ ገበሬዎች ስልካቸውን የሚሞሉት በዚያ ነበር፤ ቤታችንም የሚተዳደረው በዚያው ነበር።

በከተማዋ ስልክ የሚሸጥም የሚጠግንም አንድ ነጋዴ ብቻ ነበር። በአንድ የገበያ ቀን ደንበኞቹን ሰብስቦ፣ «ከእኔ ቻርጀር ሌላ የነካውን ስልክ አልጠግንም። የቀርከሃው እሳት ያስነሣል» አላቸው። ከዚያ በኋላ ወደ ደጃችን የሚመጣ ጠፋ። እኔን ይበልጥ ያስፈራኝ ግን ነጋዴው ዋሽቷል ብዬ መማል አለመቻሌ ነበር፤ ወንድሜ ሥራውን የፈተነው በገዛ ስልኩ ብቻ ነውና።

አባታችን ጉዳዩን ወደ ሽማግሌዎች ወሰዱት። ነጋዴው ገና ሲያየን፣ «ኢንጂነሩ ከነቀርከሃው መጣ» ብሎ አሾፈ። ሸንጎውን የሚመሩት አዛውንት ስልክ የሚባል ነገር አልነበራቸውም።

«ልጄ፣ ባለወፍጮ እህላችሁን በእኔ ስልቻ ካላመጣችሁ አልፈጭም ይላል?» አሉት።

«አባባ፣ ስልቻ እሳት አያስነሣም።»

«እንግዲያስ በዚህ ልጅ ዕቃ የተቃጠለውን ስልክ አሳየን።»

ነጋዴው የሚያሳየው አልነበረውም። አዛውንቱም፣ «ሰው ስልኩን በፈለገው ይሙላ፤ አንተም ሳትመርጥ ጠግን» ብለው ፈረዱ። ወዲያውም ወደ ወንድሜ ዞሩ። «አንተ ደግሞ ዋስ ጥራ። በሥራህ የሰው ስልክ ቢቃጠል ዋስህ ይተካል።»

አባታችን ተነሥተው ዋስ ሆኑ። ያን ጊዜ አንድ ስልክ መተካት ማለት ያለንን በሬ መሸጥ ማለት ነበር።

ሸንጎው ሲበተን አዛውንቱን ተከትዬ፣ «አባባ፣ ነጋዴውንስ ለምን ዋስ ጥራ አላሉትም? የእርሱም ዕቃ ሊያቃጥል ይችላል እኮ» አልኋቸው።

«የእርሱ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። የሠራውን ሰው ከየት አምጥተን ዋስ እናስጠራው? ወንድምህን ግን ቤቱን እናውቀዋለን።»

ገዢዎች ተመለሱ፤ ወንድሜም እንደገና መሣቅ ጀመረ። እኔ ግን አንድ ቻርጀር በተሸጠ ቁጥር ፍርሃቴ በአንድ ይጨምር ነበር። ፍርዱ የመሸጥ መብታችንን አስከብሮልናል፤ የሁለቱን ሻጮች ሸክም ግን እኩል አላደረገውም። አባታችንም፣ የሩቅ አገር ገበሬ ወደ ደጃችን ብቅ ሲል፣ ሰላምታውን ከመመለሳቸው በፊት የተቃጠለ ስልክ ይዞ እንዳይሆን እጁን ያዩ ነበር።