ጓሳ ሳይከፈት

ካምፓላ የምንኖረው እኔ፣ ጎማ የሚጠግነው ባለቤቴና ትምህርት የጀመረችው ልጃችን ነን። አገር ቤት ተኩስ ከተነሳ ወዲህ በየማለዳው ወደ ትውልድ ከተማዬ መሐል ሜዳ መደወል ሥራዬ ሆነ። ወንድሜ ያነሳና «ሰላም ነን» ይላል። ከኋላው ተኩሱ እየተሰማኝ «ሰላም ነን» ሲለኝ ደሜ ይፈላል። ኋላ ጭራሽ ስልኩም ተቋረጠ። አባቴ ስኳር አለባቸው፤ መድኃኒታቸው የሚመጣው ከደብረ ብርሃን ነው፣ መንገዱ ደግሞ ተዘግቷል። ይህን እያሰብኩ ክረምቱን ሙሉ ወጥ ሳሳርር፣ ልጄን ያለ ጥፋቷ ስቆጣ ከረምኩ።

መስከረም ሲያልቅ ስልኩ ሠራ። ሰላምታውን እንኳ ሳላስጨርሰው አባባን አገናኘኝ አልኩት።

«አባባ የሉም» አለ ወንድሜ። «ሣር ሊያጭዱ ጓሳ ወጥተዋል።»

ስልኩን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። የሌላ አገር ሰው ቢሆን ይህን ሰምቶ እፎይ ይል ነበር። ጓሳ ግን ማንም ማጭዱን ይዞ የሚገባበት ሜዳ አይደለም። ሣሩ እስኪያድግ ለዓመታት ይዘጋል፤ የሚከፈተውም ሽማግሌዎች መክረው ሲፈቅዱ፣ እሱም በጋው ሲገፋ ነው። አባቴ ከነዚያ ሽማግሌዎች አንዱ ናቸው። ልጅ ሳለሁ የገዛ ወንድማቸውን በተዘጋ ጓሳ ሲያጭድ አግኝተው አስቀጥተውታል፤ እስከ ፋሲካ አልተነጋገሩም። ወንድሜ ይህን አጥቶት አይደለም። ጨንቆት አፉ ላይ የመጣለትን ተናገረ።

ገባኝ። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ በር አንኳኩቶ፣ ባለኀዘኑን ደግፎ ነው የሚያረዳው። እስከዚያው ይዋሻል። ወጉን አልጠላውም፤ ሌላ ሰው ላይ ሲደርስ እኔም ዋሽቻለሁ። ግን ለአባቴ ሌላ ውሸት ጠፋ? ጠበል ሄደዋል አይልም? ሰውየውን የሣር ሌባ አድርጓቸው አረፈው። ከኀዘኑ ቀድሞ የመጣብኝ ንዴቱ ነበር።

ለባለቤቴ ምንም አልነገርኩትም። እሱም ማታ ሲገባ ስለ አባባ ሳይጠይቀኝ እራቱን በላ። አንድም ቀን ሳይጠይቅ ቀርቶ አያውቅም ነበር። ለካ ነግረውታል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የኛ ግን እያደር ከበደ። እሱ ሰዎቹ የሚመጡበትን ቀን ይጠብቃል፣ እኔም እሱን አያለሁ። ማልቀስ አማረኝ፤ መርዶውን ያልተረዳ ሰው ደግሞ ምን ብሎ ያለቅሳል?

እሑድ ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። የእድራችን ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደጁን ሞልተውታል። ባለቤቴ ልጃችንን አቅፎ ግድግዳው ጥግ ቆሟል። በዕድሜ የሚበልጡት የመርሐቤቴ ሰው ጉሮሯቸውን ጠረጉና የሰው ልጅ ሁሉ መንገደኛ መሆኑን ማስረዳት ጀመሩ። አላስጨረስኳቸውም።

«ጓሳው አልተከፈተም» አልኳቸው። «አባቴ ሣር አይሰርቁም።»

ሽማግሌው አጠገቤ መጥተው ክንዴን ያዙኝ።

«አይሰርቁም፣ ልጄ» አሉኝ። «ነሐሴ ላይ ተቀብረዋል። መድኃኒቱ አልደረሰላቸውም።»

ያን ጊዜ ማልቀስ ተፈቀደልኝ።