ፎቶው ያላሳየው በር

ኢንተርኔት ቤቱ ጥግ ሁልጊዜ አንድ ሰውዬ ይቀመጣል። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ይቆልፋል፣ ጥፍሩ ስር ግን ታጥቦ ያልለቀቀ ግራሶ አለ። እኛ የመኪና ውድድር ጌም ስንጫወት እሱ ለጌሙ መኪና ይሠራል፤ አንዲት አሮጌ ሰማያዊ መኪና። ከፎቶ እያየ ስክሪኑ ላይ ቆርቆሮዋን ነጥብ በነጥብ ይጎትታል፣ ያዞራታል፣ ደሞ ያፈርሳታል። ለኋላ መብራቷ ብቻ ሳምንት ፈጀ። የገቢናው በር ግን ፎቶው ላይ አይታይም፤ አንዲት ሴት ተደግፋው ቆማ ትስቃለች።

"ጋሼ፣ የሾፌሩን በር ገልብጠው ይለጥፉት እንጂ! ማን ያይብዎታል?" አለችው የቤቱ ባለቤት።

"አይሆንም። የሷ በር ጭረት ነበረው።"

"እና ይጫሩታ!"

"የት ጋ እንደሆነ ጠፋኝ" አለ፣ ዓይኑን ከፎቶው ሳያነሳ። ሴትዮዋ የት እንዳለች ልጠይቀው አሰብኩና ፈራሁ።

ትናንት ጨረሳት። ያንን በር ብቻ ቀለም ሳይቀባው፣ ግራጫ እንደሆነ ትቶታል። ጌሙ ውስጥ አስገብቷት ከኛ ጋር ተሰለፈ። ውድድሩ ሲጀመር ሁላችንም ጥለነው ነጎድን። እሱ ቀስ ብሎ ነዳ፣ መንገድ ዳር ያዘና አቆመ። ከዚያ የገቢናውን በር ከፍቶ ጠበቀ።