ሦስተኛው ጥንድ ጫማ

ለሊሴ አሥራ አንድ ዓመት የሰው በር ስታንኳኳ ኖራለች። ስለ ክትባት የሚያጠናም ይምጣ ስለ ገብስ፣ ሮቤ ላይ መረጃ ሰብሳቢ ሲፈለግ መጀመሪያ የሚደወለው ለእሷ ነው። በኦሮምኛ ጠይቃ በአማርኛ ትጽፋለች፤ የገጠር ውሻ እንኳ ለምዷታል። እኔ እኅተማርያም ግን ከጎባ የመጣሁ አዲስ ነበርኩ። እሷ ስትጠይቅ እኔ የምግብ እጥረት እንዳለባቸው ለማየት የሕፃናቱን ክንድ በባለ ቀለም ጥብጣብ እለካለሁ፦ አረንጓዴ ከሆነ ደህና፣ ቢጫ ከሆነ ያሰጋል፣ ቀይ ከሆነ ወደ ሐኪም።

ጥናቱ ስለ ማኅበራዊ ኢ-እኩልነት፣ ስለ ጤናና ስለ ዘላቂ ልማት ነበር። ርእሱን በአንድ ትንፋሽ ለመጨረስ ጠንካራ ሳንባ ይጠይቃል። ሐሳቡ ግን ቀላል ነው፤ የደሃ ልጅ እንደ ሀብታም ልጅ ሕክምና ያገኛል ወይ ነው ነገሩ። መልሱን የምንሠራበት ዲንሾ ሳትደርሱ በሚኒባሱ መስኮት ታዩታላችሁ፤ ቢሆንም ፕሮፌሰሮቹ ቁጥር ይፈልጋሉ።

ጣጣው ያለው ቁጥሩ ላይ ነው። ከዲንሾ በላይ በሄድንባቸው መንደሮች ልጅ መቁጠር ይፈራል፤ የተቆጠረ ዓይን ያገኘዋል ይላሉ። ስለዚህ እናት ስትጠየቅ አንዱን፣ ብዙ ጊዜ ትንሹን፣ ሳትናገር ታስቀረዋለች። ለሊሴ ይህን እያወቀች አትከራከርም። "የነገሩኝን እጽፋለሁ፤ እናት ማስደንገጥ ሥራዬ አይደለም" ትላለች። እሷንም መልሰው "አንቺስ ስንት አለሽ?" ሲሏት "ሁለት" ብላ ታልፋለች።

መሪየም የምትባል እናት ቤት የገባን ዕለትም እንዲሁ ሆነ። ባሏ ከብቶቹን ይዞ ወደ ሐረና ጫካ ወርዶ ነበር። "ላማ፤ ሁለት ናቸው" አለች፤ ሁለቱን ለካሁ፣ ሁለቱም አረንጓዴ። አመስግነን ወጣን።

ሮቤ ከሚኒባሱ ስንወርድ ለሊሴ ክንዴን ያዘችኝ።

"በሩ ሥር ያለውን ጫማ አየሽው?"

"የምን ጫማ?"

"ሦስት ጥንድ የልጅ ጫማ ነበር። ሦስተኛው መዳፌን አያክልም። ከመጋረጃው ኋላም ሳል ሰምቻለሁ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ዝም ማለት ለምጄ ነዋ!"

ብርድ ስለሆነ ልጅ ሁሉ ይስላል አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። "የሚስል ሕፃን አቅም ካለው ያለቅሳል፤ ያኛው አላለቀሰም" አለች።

አስተባባሪያችን ብዙነህ፣ ዲንሾ ስላለቀ በማግስቱ አጋርፋ እንድንሄድ አዞን ነበር። ጠዋት መናኸሪያ ስደርስ ለሊሴ የዲንሾ ሰልፍ ላይ ቆማለች። ከኋላዋ ተሰለፍኩ። መንገዱን ሙሉ፣ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሰው ለልቅሶ ተሰብስቦ ይጠብቀን ይሆን እያልኩ ስፈራ ነበር። ለሊሴ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል።

ስንደርስ ውርጩ ከሣሩ ላይ አልለቀቀም። ደጃፉ ላይ ሰው የለም፤ ከጣሪያው ጭስ አይወጣም። በሩ ተከፍቶ መሪየም ብቅ ስትል እንኳ ፊቷን ለማየት ፈራሁ።

"ነገርኳችሁ እኮ፤ ሁለት ናቸው" አለች በሩን በሰውነቷ ዘግታ።

"መሪየም፣ እህቴ፣ የምጽፍበትን ሮቤ ትቼው ነው የመጣሁት። ሕፃኑን ልየው ብቻ።"

"ከዚህ በፊትም ልጅ የሚቆጥሩ መጥተው ሦስት ብዬ ተናገርኩ። ዓመቱ ሳይዞር አንዱን ቀበርኩ። አሁን ደግሞ ይህችን ልታስወስጂብኝ ነው?"

ከውስጥ ሳሉ ተሰማ፤ ደረቅና አጭር ነበር። ገፍቶ መግባት እንደማይሆን ሁለታችንም አውቀናል፤ በግድ ብንገባ ልጅቱን አንሥታ ጫካ እንደምትገባ ከዓይኗ ያስታውቃል።

ለሊሴ ደፉ ላይ ቁጭ አለችና ጣቷን አነሣች። "እኔም ሁለት እያልኩ ነው የኖርኩት፤ ውሸቴን ነው። አብዲ፣ አንድ። ቢሊሱማ፣ ሁለት።" ሦስተኛውን ጣቷን ቀስ ብላ አነሣች። "ዙሀይራ፣ ሦስት። ሦስት ናቸው መሪየም። ይኸው በአደባባይ ቆጠርኳቸው።"

ሁለት ወር አብሬያት ስሠራ ዙሀይራ የምትባል ልጅ እንዳለቻት አላውቅም ነበር።

መሪየም አፏን በእጇ ያዘች። "ማሻአላህ በይ! አንቺ ሴትዮ፣ ቶሎ ማሻአላህ በይ!" ብላ ጮኸችባት። ከዚያ ከበሩ ዘወር አለች።

ልጅቱ ሽቶ ትባላለች፤ ዓመት ከመንፈቋ ነው። ጥብጣቡን ሳስርላት ቀዩ ውስጥ ርቆ ገባ። ያበጠ እግሯን ጫን ሳደርገው ጣቴ ያረፈበት ጎድጉዶ ቀረ። ጠቅልለናት ወደ ዲንሾ ሮጥን፤ እዚያ ያያት የጤና ባለሙያ በፍጥነት ጎባ አድርሷት አለን።

ወደ ጎባ በሚወስደን መኪና ውስጥ መሪየም ልጇን፣ ለሊሴ ስልኳን ሙጭጭ አድርገው ይዘዋል። ቤቷ ስትደውል ማንም አያነሣም። ደግማ ደወለች፤ አሁንም የለም። "ዙሀይራ ውሃ ዳር ትጫወታለች" ትላለች፣ "በጠዋት ደግሞ አላየኋትም፣ ተኝታ ነበር" ትላለች። የተማርኩ ነኝ፣ በዓይን አላምንም፤ ግን እኔም በልቤ አንሱ እንጂ፣ አንሱ እያልኩ እለምን ነበር።

ጎባ ሐኪሙ ሽቶን ተቀብሎ እናትየዋን "ስንት ልጆች አሉሽ?" አላት። መሪየም ለሊሴን አየቻት። "ሰዲ" አለች፣ ቃሉ በቅጡ ሳይሰማ፤ ከዚያ ደገመችው፦ "ሦስት።"

የለሊሴ ስልክ ኮሪደር ላይ ስንቆም ጮኸ፤ የቤታቸው ስልክ ጎረቤት ቤት ቻርጅ ላይ ነበር አሉ። ዙሀይራን አቅርቡልኝ ብላ ድምፅዋን ስትሰማ ግድግዳውን ተደግፋ ወረደችና አለቀሰች።

ሽቶ በአሥራ ስድስተኛው ቀን ድና ወጣች። እኛም ብዙነህ የሚጮኸውን ጮኾብን ወደ አጋርፋ ሄድን። መጀመሪያ የገባንበት ቤት ባለቤት ስንት ልጅ እንዳላት ስትጠየቅ ሳቅ አለችና መልሳ "አንቺስ ስንት አለሽ?" አለቻት።

ለሊሴ ዓይኗን ከቅጹ አላነሣችም።

"ሁለት" አለች።

ሴትዮዋም "እኔም ሁለት" አለች። እኔ ወደ በሩ ዞሬ ጫማዎቹን መቁጠር ጀመርኩ።