አባቴ መርከብ ሊሳፈር ሲል

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ልጆቼ ሲጠይቁኝ «ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው» እላቸዋለሁ። ሦስተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ስለተማርኩ እሱም ብዙ አይረዳም። በልግ እንደነበር ግን አልረሳም። የአሰላ ጭቃ እግር ይዞ አልለቅ ይል ነበር፤ ከየቤቱ የእርጥብ ባሕር ዛፍ ጭስ ይሸታል።

አባቴ ገበያው ዳር ትንሽ ሱቅ ነበረው፤ አቡጀዲና ላምባ ይሸጣል። በዚያ በልግ ሐጅ ሊሄድ ተነሣ። ያኔ ሐጅ ማለት እስከ ናዝሬት በጭነት መኪና፣ ከናዝሬት ጅቡቲ በባቡር፣ ከዚያ ወዲያ በመርከብ ነው። ወራት ይፈጃል። እኔ እንኳን ባሕር፣ ዝዋይንም ከዳገቱ ላይ ሆኜ ከሩቅ ሲያብረቀርቅ እንጂ ቀርቤ አላየሁትም።

በዚያው ሰሞን አስተማሪያችን ስለ አንዲት መርከብ ነገረን። በዓለም ላይ እሷን የሚያህል አልነበረም፣ አትሰጥምም ተብሎላት ነበር አለ። ስሟን መያዝ አቃተኝ፤ የሆነችውን ግን ያዝኩ። በመጀመሪያ ጉዞዋ ከበረዶ ጋራ ጋር ተጋጭታ ብዙ ሰው ይዛ ሰጠመች። በመስኮቱ የጭላሎን ተራራ እያሳየን «ያንን የሚያህል በረዶ ባሕር ላይ ሲንሳፈፍ አስቡት» አለን። እኔ ሌላውን ሁሉ ትቼ «የመጀመሪያ ጉዞ» የሚለው ላይ ቀረሁ። ለአባቴም የመጀመሪያው ነበርና።

ሐጅ የሚሄድ ሰው ከመነሣቱ በፊት የሚያውቀውን ሁሉ እየዞረ «አውፍ በሉኝ»፣ ይቅር በሉኝ ይላል። ቂም የያዘበት ሰው ካለ መንገዱ አይቀናም ይባላል። አባቴ በመሬት ድንበር የተጣላውን የአጎቱን ልጅ አውፍ ለማስባል ጢቾ ድረስ በበቅሎ ሄዶ መጣ። ሳጥኑ ውስጥ ደግሞ ሁለት ነጭ ጨርቅ አየሁ። ምንድነው ብዬ እናቴን ብጠይቃት «እዚያ የሚለብሰው ነው። ከሞተም የሚከፈንበት» አለችኝና ምስሯን መልቀም ቀጠለች።

ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው ቤተሰቡን ሰብስቦ በየተራ አውፍ በሉኝ አለ። እናቴ እያለቀሰች አለች። አጎቴ አለ፤ እህቴ አለች። ተራው ለኔ ሲደርስ «እኔ አልልም» አልኩ።

እህቴ ሳቀች። «ምን በድሎህ? ጫማ አልገዛልህ ብሎ ነው?»

አባቴ አልሳቀም። «ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ምን አድርጌህ ነው?»

«አልልም።»

በኔ ቤት ነገሩ ቀላል ነበር። አውፍ ካላልኩ አይሄድም፤ ካልሄደ መርከብ አይሳፈርም፤ ካልተሳፈረ አይሰጥምም። አጎቴ «የልጅ ነገር ነው፣ ተወው» ቢለው፣ አባቴ «የልጅም ሐቅ ሐቅ ነው። ይህ ልጅ ሳይለኝ መኪናው ላይ አልወጣም» አለ። መኪናው ካመለጠው ባቡሩ፣ ባቡሩ ካመለጠው መርከቡ ያመልጠዋል፤ የስንት ዓመት ምኞቱ ይቀራል። እናቴ ስትለምነኝ ዋለች፤ እኔ ወይ ፍንክች።

በማግስቱ ከጓሯችን አጥር ባሻገር የሚኖሩት ጎረቤታችን ጠሩኝ። ኮሪያ ዘምተው በመርከብ ሄደው በመርከብ የተመለሱ ወታደር ስለነበሩ፣ የሰፈር ልጅ ሁሉ ጋሼ ኮሪያ ይላቸዋል። አጥራቸውን እያደሱ ነበር።

«ና፣ ይቺን እንጨት ያዝልኝ። አባትህን አስረህ አስቀመጥክ አሉ?»

እንጨቱን ያዝኩላቸው።

«መርከቡን ፈርተህ ነው?»

ያን ጊዜ የአስተማሪያችንን ወሬ ዘረገፍኩላቸው። ሚስማራቸውን ከአፋቸው አውጥተው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«እሷ እኮ አዲስ ነበረች» አሉ። «የሐጃጆቹን መርከብ እኔ ጅቡቲ አይቻታለሁ። ዝገቷ ከዚህ ቆርቆሮ ይብሳል። ለመሆኑ ወደ ሮቤ ገበያ እህል ብትጭን ማንን ታምናለህ? ትናንት የተገዛችውን አህያ ነው፣ መንገድ ላይ ያረጀችውን?»

«ያረጀችውን።»

«በል እንግዲህ።»

«እርስዎ ግን አልፈሩም?»

«እኔ? እስከ ኮሪያ ድረስ ያላስቸገርኩት ታቦት የለም። ኋላ ማስመለስ ሲጀምረኝ ነው ፍርሃቱ የተወኝ።» እንጨቱን ከእጄ ተቀበሉኝ። «አባትህም ይፈራል። አውፍታህን አጥብቆ የፈለገው ለዚያ ነው።»

አባቴ ይፈራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ወደ ሱቁ ሮጥኩ። ላምባ እየቀዳ ነበር። «አውፍ ብያለሁ» አልኩት። ማንቆርቆሪያውን አስቀምጦ ላምባ ላምባ የሚሸት እጁን ራሴ ላይ ጫነ፤ ቶሎም አላነሣው። በነጋታው ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ «ነጋን ገሊ፣ በሰላም ግባ» እያሉ መረቁት፤ መኪናውም ወሰደው።

ከዚያ በኋላ ወሬ የለም። ከትምህርት ቤት ስመለስ በጋሼ ኮሪያ በኩል እያለፍኩ «መርከቧ ዛሬ የት ደረሰች?» እላለሁ። ሥራቸውን አቁመው ትንሽ ያስባሉ። «ዛሬ ቀይ ባሕር መሐል ናት፤ ነፋሱ ለስላሳ ነው» ይሉኛል። ሌላ ቀን «ጅዳ ገባች፤ አባትህ የብስ ረግጧል» ይላሉ። እኔም ሄጄ ለእናቴ እነግራታለሁ፤ እሷም የዚያን ቀን እራቷን ትበላለች። አባቴ ክረምቱ ሳይወጣ፣ ከስቶና ጠቁሮ፣ ተምር ይዞ ገባ።

አምና የልጅ ልጄ ሐጅ ሄደ። በአውሮፕላን ነው፤ ምሳውን እዚህ በልቶ እራቱን እዚያ በላ። አውፍ በሉኝ ብሎ ለሁላችንም በአንድ ጊዜ በስልክ ላከ፤ እኔም በስልክ መለስኩ። ደግ ነው፣ አልከፋኝም። የኔ መልስ ሲደርሰው ግን አውሮፕላኑ ተነሥቷል። ድሮ አንድ ልጅ አልልም ካለ መንገድ ይቆም ነበር።

መርከቧ የት እንደደረሰች እኒያ ጎረቤታችን ከኔ የበለጠ የሚያውቁት ነገር እንዳልነበረ የገባኝ እኔም አባት ከሆንኩ በኋላ ነው። እኛ ጋሼ ኮሪያ እንበላቸው እንጂ፣ ስማቸው ሃምሳ አለቃ ደምሴ ነበር።