አባቴ ጠያቂ የሆነበት ቀን

ባለፈው ሳምንት የአባቴን የአስጎብኚነት ቦርሳ ላራግፍ ስከፍተው ከውስጠኛው ኪስ አንዲት የመግቢያ ትኬት ወጣች፤ ጽሑፏ ደብዝዞ፣ ወረቀቷ እንደ ጨርቅ ለስልሶ፣ ላይዋ የታተመው ሰማያዊ ዓሣ ብቻ ገና ሳይጠፋ። እዚሁ ላሊበላ፣ አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጥኩ የጨው ውሃ ሽታ አፍንጫዬን የሞላው መሰለኝ።

አስር ዓመቴ ነበር። አክስቴ ጅቡቲ ስታገባ ከአባቴ ጋር ለሠርጉ ወረድንና ከላስታ ብርድ ወጥተን በማናውቀው ሙቀት ስንቀቀል ሰነበትን። በሠርጉ ማግስት አክስቴ ባሕሩ ጫፍ ላይ ወዳለ አኳሪየም ላከችን፤ የዚያው ባሕር ዓሦች በመስታወት ገንዳ የሚታዩበት፣ የተጎዱ እንስሳትም ታክመው የሚለቀቁበት ቤት ነው።

አባቴ እድሜውን ሙሉ እንግዳ ያስጎበኘ ሰው ነበር። ከላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የማያውቀው ድንጋይ አልነበረም፤ ለጥያቄ መልስ ሲያጣም እስከዚያ ቀን አይቼው አላውቅም ነበር። ቤት ውስጥ እንኳ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሁለት እርምጃ ቀድሞን ነበር የሚሄደው። እዚያ ግን ቢጫና ሐምራዊ ዓሦች መስታወቱ ውስጥ እንደ ሠርግ አጃቢ ሲተራመሱ ሲያይ ያጣመረውን እጁን ፈታ። ከዚያ እጄን ይዞ ሮጠ። ከገንዳ ገንዳ ይጎትተኛል፣ ግንባሩን መስታወቱ ላይ ይለጥፋል፣ ጥሎኝ ይሄድና ተመልሶ ይጠራኛል፤ እኔም እየሳቅኩ እከተለዋለሁ።

የምታስጎበኘን ሃዋ የምትባል፣ ድሬዳዋ ያደገች ወጣት ነበረች። የባሕር ፈረስ አሳየችን፤ ቁመቱ ጣት የማያህል፣ በጭራው ሣር ጨብጦ የቆመ።

"ፈረስ ከሆነ ኮቴው የታለ?" አለ አባቴ። በቤተ ጊዮርጊስ ድንጋይ ላይ ታትሟል የሚባለውን የቅዱሱን ፈረስ ኮቴ ዳና ለስንቱ እንግዳ ያሳየ ሰው፣ የምሩን ነበር።

"ጋሼ፣ ይኼኛው ኮቴም የለው፣ ጋላቢም የለው" ብላ ሃዋ ሳቀች።

"አላውቅም ነበር" አለ አባቴ። ያችን ቃል እስከዚያ ቀን ከአፉ ሰምቻት አላውቅም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ፌስታል ውጣ ታማ የነበረች የባሕር ኤሊ ልትለቀቅ ነበር። ሃዋ ለወራት ያስታመመቻት ናት። አራት ሰው ተሸክሞ አሸዋው ላይ አስቀመጣት። ኤሊዋ ግን አልንቀሳቀስ አለች። ጠበቅን። ሃዋ ከንፈሯን ነክሳ፣ "ካልገባች እመልሳታለሁ፤ ሌላ ጊዜ ትችል እንደሆነ ግን እንጃ" አለች። አባቴ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ከውሃው አፍ ተንበረከከና፣ "በይ እናቴ፣ በይ፣ ቤትሽ እኮ ነው" ይላት ጀመር።

አንድ ማዕበል መጥቶ ራሷን ነካት። የፊት ክንፎቿን ዘርግታ አሸዋውን ቀዘፈች። ሁለተኛው ማዕበል አነሳትና ሄደች። አባቴ እስከ ጉልበቱ ረጥቦ "ሄደች! ሄደችልኝ!" እያለ ይዘላል፤ ሃዋ ታለቅሳለች፤ እኔ ጉሮሮዬ እስኪነቃ እልል አልኩ።

ከዚያ ወዲህ አባቴ "እኔ አላውቅም፣ አንቺስ?" የሚል ሰው ሆነ። ነአኩቶ ለአብ ገዳም ደርሰን ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ስለ ወፉ፣ ስለ ቅጠሉ ይጠይቀኛል። ለእሱ መልስ ፍለጋ መጽሐፍ ሳገላብጥ ነው የባዮሎጂ አስተማሪ ሆኜ የቀረሁት።

ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። ትናንት አንዲት ተማሪ ዓሣ ውሃ ውስጥ እንዴት እንደሚተነፍስ ጠየቀችኝ፤ ስነግራት ዓይኗ በራ። ደስ ብሎኝ፣ ለአባቴ ላወራለት እየተጣደፍኩ ቤት ገባሁ። እንደሌለ ያስታወስኩት የክፍሉን በር ከከፈትኩ በኋላ ነው።